እርሾው እንዳይቀር፦ የማህፀን በር ካንሰርና «ስቴም ሴል» የሚባለው ነገር

 

ሰሞኑን የጥያቄ ሳጥናችንን ስንከፍት ከገቡት ወረቀቶች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው። ሁለቱ በአጭሩ «ስቴም ሴል የሚባል መድኃኒት ካንሰር ያድናል እየተባለ ይወራል፣ እውነት ነው ወይ?» ይላሉ። ሦስተኛው ረዘም ያለ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ እህታችን፣ እናቷ የወር አበባ ካቆሙ ስምንት ዓመት እንዳለፋቸው፣ ከሁለት ወር ወዲህ ግን ደም እየታያቸው መሆኑን ትነግረናለች። ጎረቤት «የማህፀን ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» አላት። አንድ ነጋዴ ደግሞ «የስቴም ሴል ክኒን ነው፣ ይሄን ከዋጡ ይድናሉ» ብሎ ዋጋውን ነገራት። «ተበድሬም ቢሆን ልግዛላቸው ወይስ ይቅር?» ስትል ትጠይቀናለች።

መልሱን እናስቀድም። እህታችን፣ ክኒኑን አትግዢ። እናትሽን በዚህ ሳምንት ክሊኒክ ውሰጃቸው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ «የዕድሜ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን የካንሰር ምልክትም ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ መቅረት የለበትም። ክሊኒክ ስትደርሱ «ደም ይፈሳቸዋል፣ የወር አበባ ካቆሙ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። በሀፍረት «ሆዳቸውን ያማቸዋል» ብቻ ካላችሁ የሆድ መድኃኒት ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ይህን ካልን በኋላ ወደ ስቴም ሴል እንምጣ። ነገሩ ገበያ ላይ ከሚወራው ጋር ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ሳይንቲስቶች የማህፀን በር ካንሰርንና ስቴም ሴልን አንድ ላይ ሲያነሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ መድኃኒት አይደለም። ካንሰሩ ራሱ እንዴት እንደሚበቅልና ታክሞ ለምን እንደሚመለስ ነው የሚያወሩት። ይህን የተረዳ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አይበትንም፣ ቀጠሮውንም አያሳልፍም ብለን ስለምናምን ነገሩን ከሥሩ ልናስረዳ ወደድን።

ስቴም ሴል ማለት ምን ማለት ነው?

ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ሴሎች የተሠራ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቆዳችን፣ የአንጀታችን የውስጥ ሽፋን፣ ደማችን፣ ያረጀው እየረገፈ በአዲስ ይተካል። አዲሱ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ እናቶቻችን ከማንም በላይ የሚያውቁትን ነገር ምሳሌ እናድርግ፤ እርሾን።

እንጀራ የሚጋግር ሰው ሊጥ ሲያቦካ ከበፊቱ የተረፈውን እርሾ ይጨምራል። ከአዲሱ ላይ ደግሞ ለሚቀጥለው ጥቂት ያስቀራል። ጤፍ ጠፍቶ በራሽን ማሽላና በስንዴ ዱቄት ስንጋግርም ደንቡ ያው ነው። ሊጡ እንጀራ ሆኖ ይበላል፣ ያልቃል። እርሾው ግን ከሳምንት ሳምንት ይሻገራል። ስቴም ሴልም እንደዚሁ ነው። ሲከፈል አንዱ እርሾ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ሌላው እንደ ሊጡ አድጎ ቆዳ ወይም ደም ወይም የማህፀን በር ሽፋን ይሆናል፣ ሥራውን ሠርቶ ይሞታል። እርሾው ባይኖር ቁስላችን ባልዳነ ነበር። ስለዚህ ስቴም ሴል በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሁላችንም በውስጣችን ይዘነዋል።

ታዲያ እርሾው ሴልና ሌላው ሴል በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። እኛም ሰልፍ ላይ ስንቆም ለሩቅ ሰው እንመሳሰላለን፤ የሚለየን የራሽን ካርዳችን ነው። ተመራማሪዎችም የሴሉን «ካርድ» ይፈልጋሉ። ካርዱ ብዙውን ጊዜ አንድ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ስንል ባቄላና ምስር ውስጥ ያለውን የምግብ ፕሮቲን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሴል ሥራውን የሚሠራባቸው አብዛኞቹ መሣሪያዎች ፕሮቲን ናቸው።

ከነዚህ መለያዎች አንዱ ሶክስ2 ይባላል። ሶክስ2 ግን ዝም ብሎ የተለጠፈ ምልክት ብቻ አይደለም፤ አዛዥ ነው። በሴሉ እምብርት ውስጥ ዲ ኤን ኤ ላይ ይቀመጥና «ይህ ጂን ይሥራ፣ ያኛው ይረፍ» እያለ ያዛል። ጽንስ ገና የጥቂት ቀናት ዕድሜ ሳለው ሴሎቹ ገና ምንም ያልሆኑ፣ ግን ሁሉንም መሆን የሚችሉ ሆነው እንዲቆዩ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች አንዱ እሱ ነው።

ኃይሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሺንያ ያማናካ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ከአይጥ በተወሰደ ያደገ ተራ ሴል ውስጥ አራት እንዲህ ያሉ አዛዥ ፕሮቲኖች እንዲሠሩ አደረጉ። ሴሉ ወደ እርሾነቱ ተመለሰ! ከአራቱ አንዱ ሶክስ2 ነበር። በ2007 ይኸው በሰው ሴል ላይ ተሳካ፣ በ2012 ደግሞ ያማናካ ከእንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ያደገ ሴል ትክክለኛው ትእዛዝ ከደረሰው ወደ ልጅነቱ ሊመለስ ይችላል። ይህ በላቦራቶሪ ሲሆን ተስፋ ነው፤ በታመመ ሰውነት ውስጥ ሲሆን ግን አደጋ አለው።

ካንሰሩ የሚነሳበት ድንበር

የማህፀን በር የማህፀን የታችኛው ጠባብ አንገት ነው። የውጪው ክፍል በብዙ ንብርብር ጠፍጣፋ ሴሎች፣ የውስጡ መተላለፊያ ደግሞ ንፍጥ በሚያመነጩ አንድ ረድፍ ረዣዥም ሴሎች የተሸፈነ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ድንበር አለ። ድንበር ባለበት ግርግር እንደማይጠፋ ለስደተኛ መንገር አያስፈልግም። እዚህም ድንበር ላይ አንዱ ዓይነት ሴል በሌላው እየተተካ ለዘመናት ለውጥ አይቋረጥም። አብዛኛው የማህፀን በር ካንሰር የሚነሳው ከዚህ ቦታ ነው።

የሚያስነሳው ደግሞ ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሃውሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው 16 ቁጥር የተሰጠውን ዓይነት በ1983፣ 18 ቁጥርን በ1984 ከማህፀን በር ካንሰር ውስጥ ለይተው አወጡ። ለዚህም በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከመቶ የማህፀን በር ካንሰር ሰባ ያህሉ ከነዚህ ከሁለቱ ዓይነቶች ብቻ የሚመጣ ነው።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። በትንሽ ጭረት በኩል ገብቶ ታችኛው ንብርብር ላይ፣ ማለትም ሴሎች የሚታደሱበት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ላይኛውን ሴል ቢይዝ ኖሮ ሴሉ ሲረግፍ አብሮ በረገፈ ነበር። እርሾው ዘንድ ከገባ ግን አዲስ በሚቦካው ሁሉ ውስጥ አለ ማለት ነው።

እያንዳንዱ ሴል ሁለት ጠባቂዎች እንዳሉት አስቡ። አንደኛው ፒ53 ይባላል፤ የሴሉ ዲ ኤን ኤ ሲበላሽ «ቁም፣ ተጠገን፣ ካልሆነም ሙት» ይለዋል። ሁለተኛው አር ቢ ይባላል፤ ሴሉ ያለ ጊዜው እንዳይባዛ ፍሬን ሆኖ ይይዘዋል። ካንሰር አምጪው ኤች ፒ ቪ ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉት። ኢ6 ፒ53ን ያስፈርሰዋል፤ ኢ7 አር ቢን ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ዘበኛ የሌለው፣ ፍሬን የሌለው መኪና ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

ነገር ግን አትደንግጡ። ቫይረሱ የያዛት ሁሉ ካንሰር አይዛትም። ግንኙነት ያደረጉ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል፣ ከአሥሩ ዘጠኙም በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በራሳቸው ሰውነት መከላከያ ያጠፉታል። ሳይጠፋ በቆየባት ሴት ላይ እንኳ የተበላሹት ሴሎች ካንሰር እስኪሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። የሰውነቷ መከላከያ የደከመ ሴት፣ በተለይ ኤች አይ ቪ ኖሮባት መድኃኒት ያልጀመረች፣ ጊዜው ወደ 5 እና 10 ዓመት ያጥርባታል። ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏም ከሌላዋ ስድስት እጥፍ ነው።

በ2012 በአሜሪካ ቦስተን የሚሠሩ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ስለዚያ ድንበር አንድ የሚያስገርም ነገር አሳተሙ። ድንበሩ ላይ የራሳቸው የፕሮቲን መለያ ያላቸው ጥቂት ሴሎች አገኙ። ከባድ ቅድመ ካንሰሮችንና ካንሰሮችን ሲያዩም ያንኑ መለያ ይዘው ተገኙ። ሌላም ነገር አዩ፦ እነዚያ ጥቂት ሴሎች በሕክምና ከተነሱ በኋላ ተመልሰው አልበቀሉም። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የሶክስ2 እጅ የት ላይ ነው?

በ2010 በቻይና ሺአን ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች ጤነኛ የማህፀን በር ሥጋን፣ ከቦታው ያልወጣ ገና ጀማሪ ካንሰርንና ሥር የሰደደ ካንሰርን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሶክስ2ን ፈለጉ። ከጤነኛው ይልቅ በታመመው ውስጥ በብዛት አገኙት። በ2014 እዚያው ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ እርምጃ ገፉ። በላቦራቶሪ የሚያድጉ የማህፀን በር ካንሰር ሴሎችን «ሶክስ2 ያላቸው» እና «የሌላቸው» ብለው ለዩአቸው። ሶክስ2 ያላቸው ራሳቸውን እያደሱ የሚቀጥሉ፣ ሁለቱንም ዓይነት ሴል የሚወልዱ፣ አይጥ ላይ ሲደረጉም ከሌሎቹ በበለጠ ዕጢ የሚያበቅሉ ሆነው ተገኙ።

ይህ ምን ይነግረናል? ዕጢ ውስጥ ያለው ሴል ሁሉ እኩል አደገኛ አይደለም። ብዙው ሊጥ ነው፤ ጥቂቱ እርሾ ነው። ቫይረሱ ጠባቂዎቹን ካሰናበተ በኋላ፣ እንደ ሶክስ2 ያለው አዛዥ ደግሞ «አትደግ፣ አትርጅ፣ ራስህን ብቻ አባዛ» የሚለውን የጽንስ ዘመን ትእዛዝ ሲያስተላልፍ፣ ማለቂያ የሌለው እርሾ ይፈጠራል።

ታክሞ የመመለሱም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል ብለው ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ኬሞቴራፒና ጨረር በይበልጥ የሚመቱት ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ሴሎች ነው። ዝግ ብለው የሚባዙት ወይም ጉዳታቸውን መጠገን የሚችሉት ጥቂቶች ሊያመልጡ ይችላሉ። ሐኪሙ በምርመራ ሲያይ ዕጢው ጠፍቷል፤ ታማሚዋም ጤናዋ ተመልሶላታል። ቡሃቃው ጥግ ላይ የቀረች እርሾ ግን ካለች ዱቄትና ውኃ ስታገኝ መኩፈሷ አይቀርም። በሽታው ሲመለስ ታዲያ የሐኪሙ ስንፍና ወይም የታማሚዋ ኃጢአት ተደርጎ ይወራል። ሁለቱም ላይሆን ይችላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንደኛ፣ ሶክስ2 ብቻውን ካንሰር አያመጣም፤ ጤነኛ ሰውነትም ይጠቀምበታል። ናኖግንና ኦክት4ን የመሳሰሉ ሌሎች መለያዎችም አብረው የሚጠኑ ናቸው። ሁለተኛ፣ ክሊኒክ ሄዳችሁ «ሶክስ2 መርምሩኝ» አትበሉ። ይህ ተመራማሪዎች መድኃኒት ለመፈለግ የሚጠቀሙበት ዕውቀት እንጂ መደበኛ ምርመራ አይደለም።

የሄንሪዬታ ላክስ ሴሎች

የካንሰር ሴል ራሱን የማደስ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ እናንሳ። በ1951 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ሄንሪዬታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የአምስት ልጆች እናት ደም ቢያስቸግራት ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሄደች። የማህፀን በር ካንሰር ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በ31 ዓመቷ ሞተች። ከዕጢዋ ግን ናሙና ተወስዶ ነበር፣ ያውም እሷ ሳትጠየቅ። ሴሎቹ በላቦራቶሪ ውስጥ መባዛት ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም አላቆሙም። «ሂላ» በሚል ስም በዓለም ዙሪያ ይሠራባቸዋል። በኋላ ሲመረመሩ ኤች ፒ ቪ 18 ተገኘባቸው። የፖሊዮ ክትባት ሲሞከር ረድተዋል። ቤተሰቧ ነገሩን የሰማው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለልጇ የመታሰቢያ ሽልማት ሰጥቷል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚሆን አንድ ቁም ነገር አለ፦ ናሙና ሲወሰድባችሁ «ለምንድን ነው? ውጤቱን መቼ ልስማ?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ስደተኛ መሆን ይህን መብት አያስቀርም።

እንግዲህ አሁን ነጋዴውን አስቡት። የካንሰሩ ችግር የማያልቅ እርሾ ሆኖ ሳለ፣ እሱ «ስቴም ሴል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ ይዞ ይመጣል። ሴል ተውጦ ሆድ ውስጥ ሲገባ እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጫል እንጂ ማህፀን ድረስ አይሄድም። በክኒን ተውጦ የማህፀን በር ካንሰርን እንደሚያድን የተረጋገጠ «ስቴም ሴል» የለም። እውነተኛው የስቴም ሴል ሕክምና እንደ መቅኔ ንቅለ ተከላ ያለው ሲሆን፣ በትልልቅ ሆስፒታሎች በይበልጥ ለደም ካንሰሮች የሚሰጥ ነው። በጀርባ ቦርሳ አይዞርም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከላይ ያልነው ሁሉ የሚያደርሰን ወደ አንድ ነገር ነው፦ እርሾው ገና ድንበሩ ላይ፣ ጥቂት ሆኖ ሳለ ማንሳት። ለዚህም ከአሥር ዓመት የበለጠ ጊዜ አለን። ጊዜውን የሚያባክነው አለመታየት ነው።

1ኛ. ሳያማችሁ ታዩ። ቅድመ ካንሰር አያምም፣ አያደማም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ሴቶች ከ30 ዓመታቸው ጀምሮ፣ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ደግሞ ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ እንዲመረመሩ ይመክራል። ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው በአቼቶ ነው። ባለሙያዋ የማህፀኑን በር ለማየት የምትችልበትን መሣሪያ አስገብታ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ የአቼቶ አሲድ በጥጥ ትቀባለች። ከደቂቃ በኋላ የተበላሸው ቦታ ነጭ ይሆናል። ምቾት አይሰጥም እንጂ ሕመም የለውም፤ ውጤቱንም እዚያው ትሰማላችሁ። ጥሩ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ መመለስ ነው። ሁለተኛው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ነው፤ ይህኛው የበለጠ አስተማማኝ ሲሆን ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ በመጥረጊያ ጥጥ ልትወስድ ትችላለች። መጋለጥ ለሚከብዳቸውና በግርዛት ምክንያት መሣሪያው ለሚያስቸግራቸው እህቶች ትልቅ እፎይታ ነው። የትኛው እንደሚሰጥ ክሊኒካችሁን ጠይቁ።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ነገር እናሳስብ። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ያ ድንበር ወደ ውስጥ ስለሚገባ የአቼቶ ምርመራ ላያሳየው ይችላል። ስለዚህ ደም የሚታያቸው እናት «በአቼቶ ታይቼ ደህና ነው ተብያለሁ» ብለው መቅረት የለባቸውም፤ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

2ኛ. ከተገኘ ወዲያው ታከሙ። በቂ ትንሽ የሆነ ቅድመ ካንሰር በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይነሳል። የሙቀቱ መሣሪያ ወደ 100 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና ቦታው ላይ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይያዛል። አዎን፣ ሰከንድ! ማህፀን አይወጣም፣ ልጅ መውለድም አይቀርም። ያዙልን ያልናችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ትጠቅማለች። እነዚያ የድንበሩ ልዩ ሴሎች አንዴ ከተነሱ ተመልሰው አልበቀሉም ብለናል። በዚህ ደረጃ እርሾውን ከነቡሃቃው ማጠብ ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ይህን ከዘገየው ጋር አስተያዩት። ካንሰሩ ሥር ከሰደደ የሚያስፈልገው ከባድ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረርና ኬሞቴራፒ አንድ ላይ ነው። ከ1999 ጀምሮ ሁለቱን አብሮ መስጠት ሕይወት እንደሚያተርፍ ስለታወቀ ብዙዎች ይድናሉ፤ ተስፋ አይቆረጥም። ነገር ግን የጨረር መሣሪያ ያለው እንደ ናይሮቢ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ነው። ሪፈራል መጠበቅ፣ ሙቭመንት ፓስ ማውጣት፣ ልጆችን ለጎረቤት መተው፣ ለሳምንታት ከቤት መራቅ አለ። የሰላሳ ሰከንዱን ሕክምና ያሳለፈ ሰው የሚከፍለው ይህን ነው።

3ኛ. ከታከማችሁ በኋላ ቀጠሮ አታሳልፉ። ቅድመ ካንሰር የታከመች ሴት ከዓመት በኋላ እንደገና ትታያለች። ካንሰር የታከመች ደግሞ ለዓመታት ክትትል አላት። «ደህና ነኝ፣ ለምን እሄዳለሁ?» የምትሉ እህቶች፣ ክትትሉ የተረፈች እርሾ ካለች ሳትኮፍስ ለመያዝ ነው። ወደ ሌላ ካምፕ ወይም ወደ ሌላ አገር የምትሄዱም የሕክምና ወረቀታችሁን ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። «ሕመሜ ከታወቀ ኬሴ ይበላሻል» ብላችሁ አትደብቁ። ካንሰር በትንፋሽ ወይም በመነካካት የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። እንዲያውም የሕክምና ችግር ዩ ኤን ኤች ሲ አር ሪሴትልመንት ከሚያቀርብባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

4ኛ. ሴት ልጆቻችሁን አስከትቡ። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ይቀድማሉ። ኢትዮጵያ በ2018፣ ኬንያ በ2019 መስጠት ጀምረዋል። «ልጆቻችንን ያመክናል» የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። በስዊድን በ2020 በወጣ ጥናት ከ17 ዓመታቸው በፊት የተከተቡት ላይ ካንሰሩ በ88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እዚሁ ኬንያ ውስጥ ደግሞ በ2,275 ወጣት ሴቶች ላይ በተደረገና በ2022 በታተመ ጥናት አንድ መርፌ ብቻ 16 እና 18 ቁጥር ቫይረሶችን ለ18 ወራት 97.5 በመቶ ተከላክሏል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ አንድ መርፌም ሊበቃ እንደሚችል መመሪያ ሰጥቷል።

ለወንድሞችና ለባሎች

ሚስቱ «ቫይረሱ አለብሽ» ስለተባለች ቤት ጥሎ የሚወጣ ሰው መኖሩን እንሰማለን። ወንድማችን ሆይ፣ ቫይረሱ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ማን ከማን፣ መቼ እንደተያዘ ማወቅ አይቻልም። ወንድም ይሸከመዋል፣ ምልክት ላያሳይም ይችላል። በስደት መንገድ ላይ በግድ የተደፈሩ እህቶችም በመካከላችን አሉ። ለነሱ ነቀፋ ሁለተኛ ቁስል ነው። «ምን አድርገሽ ነው?» ከማለት «ቀጠሮሽ መቼ ነው? ልጆቹን እኔ እይዛለሁ» ማለት ይበልጣል። የምታጨሱ ካላችሁም ማጨስ ይህን ካንሰር ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ነውና ከቤት አርቁት።

እህቶችም በሀፍረት አትቅሩ። ሴት ባለሙያ እንድታያችሁ፣ አስተርጓሚዋም ሴት እንድትሆን መጠየቅ ትችላላችሁ።

እነዚህን ካያችሁ ደግሞ ምርመራ የሚሰጥበትን ቀን ሳትጠብቁ ሂዱ፦ ከወር አበባ ውጪ የሚመጣ ደም፣ ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ የወር አበባ ካቆመ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ሽታ ያለው የማያቋርጥ ፈሳሽ፣ የማይለቅ የወገብና የታችኛው ሆድ ሕመም።

በ2022 በዓለም ላይ 660 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘው 350 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ከመቶ ሟቾች 94ቱ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ያሉ ነበሩ፤ ማለትም እንደኛ ያሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ በጊዜ ቢታዩ ኖሮ አቼቶ የነካው ጥጥ በቂያቸው ነበር። በሚቀጥለው እትማችን ደግሞ ከሳጥናችን ብዙ ጥያቄ ስለመጣበት ስለ ደም ግፊት እናወጋለን። እስከዚያው ይህችን ወረቀት ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማትችል ጎረቤታችሁ አንብቡላት።

ቸር ይግጠመን!